ስለ ጎደለ ብረት

አንድ መኪና አንድ ክፍሉ ጎድሎት በተገኘ ጊዜ፣ የጎደለው ነገር በእውነት ምንድን ነው? ጥያቄው መጀመሪያ ሲሰሙት የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱም ከጥያቄው ቀድሞ ከአፍ ይወጣል፤ የጎደለው እገሌ የሚባለው ብረት ነው፣ ሲገኝ ይገዛል፣ ሳይገኝ ቢቀር ይሠራል፣ ነገሩም በዚህ ያበቃል ይባላል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራውን የእንጨት ሥራ መኪና፣ የጥብጣብ መጋዝም ቢሆን መላጊያም ቢሆን፣ ከወደቀበት አንሥቶ ወደ ቀደመ ሥራው ሊመልሰው የተነሣ ሰው ጥያቄውን እንዲህ በቀላሉ ተሻግሮት ሊሄድ አይቻለውም። እንዲህ ያሉትን መኪናዎች ያወጡት ቤቶች፣ በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ በ1897 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የተመሠረተው ዋድኪን፣ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስ የነበረው ኦሊቨር፣ በኦሃዮ ግዛት በሊቶኒያ የነበረው ክሬሰንት፣ አንዳንዶቹ ተዘግተዋል፣ አንዳንዶቹም ስማቸው ብቻ እየተሸጠ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል፤ ለእነዚያ አሮጌ መኪናዎች ብረት የቀለጠበት እቶን ግን ከቀዘቀዘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የተረፈው ካታሎግ የሚሉት የዕቃ መዝገብ ነው፤ በእርሱም ላይ እያንዳንዱ ክፍል ከነሥዕሉ፣ ከነስሙና ከነቍጥሩ ተመዝግቦ ይገኛል። እንግዲህ ስሙ አለ፣ ቍጥሩ አለ፣ ሥዕሉ አለ፤ ነገሩ ራሱ ግን የለም። ስሙ ሳይጠፋ ባለስሙ ብቻ የጠፋበት ይህ ሁኔታ ነው ፈላጊውን ሳይወድ በግድ ፈላስፋ የሚያደርገው።

መጥፋትም ራሱ መልክ ያለው ነገር ነው። ክፍሉ ወልቆ ወደ ወጣበት ስፍራ ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ሁለት የብሎን ቀዳዳዎችና በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ ቀለም ሳይደርሰው የቀረውን ልሙጥ ገጽ፣ ዘይትና የእንጨት ብናኝ ተጋግረው የሠሩትን ጥቍር ወሰን፣ ብረት ከብረት ጋር ሲተሻሽ ኖሮ እንደ መስተዋት ያበራበትን ጠርዝ ያገኛል፤ ከእነዚህም ተነሥቶ የጠፋው ነገር ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ፣ በየት በኩል ይጫን እንደ ነበረ፣ ወዴት ይንቀሳቀስ እንደ ነበረ አጥርቶ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ባዶው ስፍራ ምስክር ነው እንላለን። ሆኖም ምስክርነቱ ምሉዕ አይደለም፤ የሚናገረው ክፍሉ መኪናውን ስለ ነካበት ወገን ብቻ ነውና። ምንም ሳይነካ በአየር ላይ ስለ ቆመው ወገኑ፣ ስለ ጀርባው ጕብጠት፣ ሠራተኛው ስለሚጨብጠው እጀታ ርዝመት አንዲት ቃል አይሰጥም። በመዝገቡ ላይ ያለው ሥዕል በበኩሉ ይህን ዝም የተባለውን ወገን ያሳየናል፤ መልኩን ያሳያል እንጂ መጠኑን ግን አይገልጥም። አንዱ መጠን ያለ መልክ፣ ሌላው መልክ ያለ መጠን ይዘው ሲቀርቡ፣ ሁለቱን አስታርቆ አንድ አካል የሚያደርግ የሰው ልቡና ካልተጨመረበት በቀር፣ የጠፋው ነገር ከሁለቱ በአንዱም ዘንድ አይገኝም።

ከአካሉ ተቈርጦ የወደቀ እጅ በስም ብቻ እጅ ይባላል እንጂ የእጅ ግብር የለውም ብሎ አርስጣጣሊስ ያስተማረው ትምህርት እዚህ ላይ ሲፈተን በሁለት ወገን እውነት ሆኖ ይገኛል። ከመኪናው የተለየው ክፍል፣ ይኸውም በአንድ የሞተ አናጺ መጋዘን ጥግ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ከዛገ ዳዶና ከተጣመመ ብሎን ጋር ተጥሎ የኖረው ብረት፣ ከእንግዲህ ክፍል አይደለም፤ ወራሹ አንሥቶ ያገላብጠዋል፣ ክብደቱን ይመዝናል፣ ምንነቱን ግን አያውቅም። በሌላው አገር ደግሞ መኪናውን የያዘው ሰው የክፍሉን ስምና ቍጥር እንደ ጸሎት ይደግማል። አንዱ ስሙን ያውቃል፣ ነገሩ ግን የለውም፤ ሌላው ነገሩ አለው፣ ስሙን ግን አያውቅም። መለዋወጫ ፍለጋ ከሚባለው ድካም የሚበዛው እነዚህን ሁለት አለማወቆች አገናኝቶ አንድ ማወቅ ማድረግ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ዘርግቶ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ያለ ፍልስፍና መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ገዢው አንዱን አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ቢለው «ለምን ፈለጉት?» ብሎ ይመልስለታልና። መልሱ ተንኰል ይምሰል እንጂ ትክክል ነው፤ ብረቱ ምን እንደሆነ የሚወሰነው የሚገባበት ቦታ ሲታወቅ ነው።

መመሳሰልና አንድ መሆን የተለያዩ መሆናቸውን በቃል የማያውቅ የለም፤ ልዩነታቸውን በጣቱ ዳስሶ የሚያውቀው ግን የአሮጌ ብሎን ጥርስ ያስቸገረው ሰው ነው። ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 ለእንግሊዝ አገር የብሎን ጥርስ የሚመራበትን ደንብ ባቀረበ ጊዜ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገው፤ ዊልያም ሴለርስ ደግሞ በ1864 በፊላዴልፊያ ለአሜሪካ ሌላ ደንብ ሲያቀርብ 60 ዲግሪን መረጠ። ግማሽ ኢንች ውፍረት ባለው ብሎን ላይ የእንግሊዙ ደንብ በአንድ ኢንች ርዝመት 12 ጥርስ ሲያወጣ የአሜሪካው 13 ያወጣል፤ ስለዚህ የአንዱን ዳዶ በሌላው ብሎን ላይ ያጠለቀ ሰው አንድ ሁለት ዙር እንደ ዞረለት ይያዝበታል፣ ብረቱ እምቢ ይላል፣ ፈላጊውም ይህ አይደለም ብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለው እንግዳ ብረት ቅን ጠላት ነው። ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሆነው ብሎን ግን በሁለቱም ደንብ 16 ጥርስ አለው፤ ዳዶው ያለ ክርክር እስከ ጫፍ ይዞራል፣ ዐይንም ጣትም ገጠመ ብለው ይፈርዳሉ፤ ነገር ግን የአምስቱ ዲግሪ ልዩነት ጥርስ በጥርስ ላይ በሙሉ ገጹ እንዳያርፍ ስለሚከለክለው፣ ሸክሙ ሁሉ በጠባብ መስመር ላይ ይወድቃል፣ መኪናውም ሲንቀጠቀጥ ያ መስመር ይበላል። ክፉ ምክር የሚመጣው ከሚቃወመን ይልቅ ከሚስማማን ነው የሚባለው ነገር ለብረትም የሚሠራ መሆኑን ከዚህ እናያለን። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሥዕል የተሠሩ ሁለት መኪናዎች ክፍላቸው ሲለዋወጥ የማይገጥምበት ጊዜ አለ። በዚያ ዘመን ብዙው ክፍል ከማቅለጫው ከወጣ በኋላ በሞረድና በመፋቂያ ለአንድ መኪና ብቻ እየተስተካከለ በእጅ ይገጠም ነበር፤ የመኪናውም ቍጥር በክፍሉ ላይ በመዶሻ ይታተምበት ነበር፣ ከእኅቱ ክፍል ጋር እንዳይቀላቀል። እንግዲህ አንዱ በሌላው ይተካል የሚለው አሳብ እነዚህ መኪናዎች ሙሉ በሙሉ ያልተወለዱበት ሕግ ነው፤ እኛ ግን በኋላ በመጣው ሕግ እንዳኛቸዋለን።

ሳንቃው አንድ በአንድ እየተለወጠ ስለ ኖረው ስለ ቴሴዎስ መርከብ ፕሉታርክ የጻፈው ክርክር የታወቀ ስለሆነ አላስረዝመውም፤ እንደ እኔ አሳብ ለአሮጌ መኪና ብዙም አይጠቅም፤ ለመርከቡ አዲስ ሳንቃ ሁልጊዜ ይገኝለት ነበርና። ቶማስ ሆብስ በ1655 ባሳተመው መጽሐፉ የጨመረበት ጥያቄ ግን ወደ ጕዳያችን ይቀርባል፤ የተነሡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው እያጠራቀመ በቀድሞ ሥርዐታቸው መልሶ ቢያቆማቸው፣ እውነተኛው መርከብ የትኛው ነው ይላል። ለፈላስፋው ይህ በአሳብ ብቻ የቆመ ምሳሌ ነው፤ በእኛ ነገር ግን ሰብሳቢው በሕይወት ያለ ሰው ነው፣ ሥራውም ከሆብስ ሰብሳቢ ሥራ የተገለበጠ ነው። አንካሳ መኪና ይገዛል፣ ይፈታዋል፣ ጠረጴዛውን ለአንዱ፣ ጎማውን ለሌላው፣ ዘንጉን ለሦስተኛው ይሸጣል፤ አንዱ መርከብ በብዙ መርከቦች ውስጥ ተበትኖ ይኖራል ማለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚሰነዘረውን ነቀፌታ ሰምቻለሁ፤ ነቀፌታው ግን ራሱን አይመረምርም። እያንዳንዱ አዳሽ የሚሻው የራሱ መኪና እንዲሞላ ነው፤ ለመሙላትም ሌላ መኪና መጉደል አለበት፤ የሚጎድለውም መኪና ይበልጥ ደኅና በሆነ መጠን ክፍሉ ይበልጥ የተመረጠ ይሆናል። ስለዚህ ፈላጊው በልቡ የሚመኘው በመልካም ይዞታ ያለ፣ ነገር ግን ሌላ ሰው ሊያድነው ያልፈቀደ መኪና ነው። ከሁለቱ የትኛው ይዳን፣ የትኛውስ ይፈታ ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርደው አጋጣሚ ነው፤ ቀድሞ የተገዛው ይድናል፣ ዘግይቶ የተገኘው ይፈታል። በሁለት ከተማ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ዓይነት መኪና ግማሽ ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ተስፋ መቍረጥ እየጠበቀ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሁለቱም ባለተስፋ ሆነው በቆዩ ቍጥር ሁለቱም መኪናዎች ሙት ናቸው።

ከዚህ ጭንቅ ነፃ የሆነ አንድ አዳሽ አውቃለሁ፤ እርሱም ቅጠሉ የጠፋበትን የብራና መጽሐፍ የሚያድስ ቁም ጸሐፊ ነው። ከጥራዙ መካከል አንድ ቅጠል ቢጎድልበት ከሌላ ደብር ተመሳሳይ መጽሐፍ ይዋሳል፣ ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ የጎደለውን ቃል በራሱ እጅ ጽፎ በስፍራው ይሰፋዋል፣ የተዋሰውንም መጽሐፍ አንዲት ነቍጥ ሳትጎድልበት ይመልሳል። የአዲሱ ቅጠል ጽሕፈት ከአሮጌው ይለያል፣ ብራናውም ይነጣል፤ ቢሆንም መጽሐፉ ምሉዕ ሆኗል እንላለን፣ ማንም አይከራከርም። ይህ የሆነው ቃል ረቂቅ ስለሆነ ነው፤ ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ሲሻገር የፊተኛውን አያጎድልም። ብረት ግን ግዙፍ ነው፣ ቅርጹም በግዘፉ ውስጥ ታስሮ ይኖራል፤ ቅርጹን ልውሰድ የሚል ሰው ግዘፉን ጨምሮ ካልወሰደ በቀር ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቢያንስ እንዲህ ይመስላል። ነገር ግን የደኅናው መኪና ባለቤት ክፍሉን ለአንድ ሳምንት አውልቆ ቢያውስ፣ ወይም ጎረቤቱ ካሊፐርና ወረቀት ይዞ ገብቶ እንዲለካው ቢፈቅድ፣ ያን ጊዜ ብረቱም እንደ ቃል ይሆናል፤ ቅርጹ ከእስሩ ይፈታል፣ ባለቤቱም ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ ሊፈታ የተፈረደበት መኪና ሁሉ በአንድ ወገን ሲታይ የፈቃድ እጦት ሰለባ ነው።

ቅርጹ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የተሰወረ ሌላ ችግር ይከተላል። የእነዚህ መኪናዎች ትልልቅ ክፍሎች ጊዛ ከሚባለው፣ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈሰው ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ጊዛ ሸክም ይችላል፣ ንዝረት ይውጣል፣ ሲወድቅ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ጠረጴዛውን ወደ ጎን የሚያዘነብለው ከሥር ያለው የግማሽ ክብ ድጋፍ በጕዞ ላይ መሰንጠቁ የተለመደ ነገር ነው። የተሰበረውን በነሐስ ማያያዝ ይቻላል፣ ያልቻለ ግን አዲስ ማፍሰስ አለበት። ለዚህም ሰነፍ አእምሮ የሚያቀርበው ምክር፣ አሮጌውን ክፍል ራሱን በአሸዋ ውስጥ ቀብሮ ቅርጹን አትሞ በዚያ ላይ የቀለጠ ጊዛ ማፍሰስ ነው። የሚገኘው ክፍል በዐይን ሲያዩት የአሮጌው መንታ ነው፤ በመለኪያ ሲለኩት ግን አንሶ ይገኛል። ጊዛ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና፤ በልማድ የሚታሰበውም መጠን በአንድ ጫማ ርዝመት የአንድ ኢንች አንድ ስምንተኛ ያህል፣ ማለት ከ96 አንድ እጅ ነው። ከዚህ ካነሰው ክፍል ሌላ ቢቀዱ ሌላው ከእርሱ ያንሳል። ታማኝ ሆኖ የቀዳ ሰው ከእውነት ይርቃል፤ ወደ እውነት የሚደርሰው አስቀድሞ ከእውነት የራቀ ነው። ስለዚህ በማፍሰሻው አሸዋ ላይ የሚታተመውን አምሳል ከእንጨት የሚሠሩት የእጅ ጥበብ ሰዎች ለዚሁ ሥራ የተለየ ማስመሪያ ነበራቸው፤ በእርሱ ላይ አንድ ኢንች ተብሎ የተጻፈው ርቀት ከእውነተኛው ኢንች በኵምትርቱ መጠን ይረዝማል። ዐባይ ሚዛን በመጻሕፍት የተወገዘ ነው፤ ይህ ግን ፍጻሜው ትክክል እንዲሆን ሆን ተብሎ የሚዋሽ መስፈሪያ ነው፣ ውሸቱም በልክ ስለሆነ ይጸድቃል። እዚህ ላይ ሌላ ጥርጣሬ ይነሣል፤ የምንቀዳው የትኛውን ነው? ዛሬ እንዳለ የተበላውን ክፍል ነውን? ወይስ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደ ነበረ ያለውን? ወይስ ሥዕሉን የነደፈው ሰው በኅሊናው ያሰበውን፣ ማቅለጫው ግን በትክክል ያላወጣለትን? ሦስቱ ሦስት መጠን አላቸው። የተበላውን ቀድቶ የተበላ አዲስ ክፍል የሠራ ሰው ከነድካሙ የሚያሳዝን ነው፤ የሥዕሉን ፍጹምነት የተከተለም መኪናው ራሱ አብሮ እንዳረጀና ፍጹሙ ክፍል ያረጀውን ጎረቤቱን እንደማይስማማው ኋላ ይረዳል። ኦሊቨርና ዋድኪን ለእንጨት አምሳል ሠሪዎች ብለው የተለዩ መኪናዎችን ይሠሩ እንደ ነበረ ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ይጠላለፋል፤ ክፍል የጎደለው መኪና፣ ደኅና ቢሆን ኖሮ የዚያኑ የጎደለ ክፍል አምሳል ራሱ በሠራው ነበር።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የመጀመሪያው ክፍል ከኋለኛው ይበልጣል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። ይህን እምነት የሚያናውጥ አንድ ክፍል አለ። ዛሬ የምናውቀው ባለኳስ ኩሽኔታ ከመስፋፋቱ በፊት የእነዚህ መኪናዎች ዘንግ የሚዞረው ባቢት በተባለ ለስላሳ ነጭ ብረት ውስጥ ነበር፤ ስሙም በ1839 የባለቤትነት መብት ካገኘው ከማሳቹሴትሱ አይዛክ ባቢት የመጣ ነው። ከመቶው 89 እጅ ያህል ቲን፣ የቀረው አንቲሞኒና መዳብ ሆኖ የሚዘጋጅ ዓይነት አለው፤ በእርሳስ የሚዘጋጅም አለ። አሠራሩን በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። ዘንጉ በራሱ ስፍራ፣ በጊዛው ቤት ውስጥ መካከሉን ጠብቆ ይንጠለጠላል፤ ነጩ ብረት እንዳይጣበቅበት በጭስ ጥላሸት ይቀባል፤ ዳር ዳሩ በጭቃ መሳይ ነገር ይደፈናል፤ ቤቱም በእሳት ይሞቃል፣ አንዲት ጠብታ ውኃ ቀርታበት ብትገኝ የቀለጠው ብረት ፈንድቶ ፊት ያቃጥላልና። ከዚያ የጥድ ስንጥር በቀለጠው ብረት ውስጥ ይነከራል፤ ሳይነድ ቢጠቍር ጊዜው ደርሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ሳያቋርጡ ያፈሱታል። እንግዲህ ዘንጉ የራሱን ማረፊያ በራሱ ገላ ይቀርጻል። በዓለም ላይ ካለ ከማንኛውም መጋዘን ይህን ክፍል መግዛት አይቻልም፤ ከመኪናው ውጭ ህላዌ የለውም። ደግሞም የመጀመሪያው ሠሪ ሲሠራው እንዲያልቅ አድርጎ ነው የሠራው፤ ለስላሳው ብረት የተመረጠው ዘንጉ እንዳይበላ እርሱ እንዲበላ ነው፤ ሲበላም ቀልጦ እንዲፈስና ሌላ እንዲፈስስበት ታስቦ ነው። በመኪናዬ ውስጥ ያለው ባቢት ከፋብሪካ የመጣው ነው ብሎ የሚመካ ሰው፣ መኪናዬ ብዙ አልሠራም ብሎ ከመናገር በቀር ምን ተናገረ? መተካቱ ራሱ በባሕርዩ ውስጥ የተጻፈበት ክፍል ሲተካ አዲስነቱ እንግድነት አይደለም። እንግዲህ ሠሪዎቹ ለአንዳንዱ ክፍል ጸንቶ መኖርን፣ ለአንዳንዱም በተተኪ መኖርን ወስነውለት ነበር ማለት ነው፤ እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ሚዛን ላይ አውጥተን የመጀመሪያው ይሁን አይሁን ብቻ እንጠይቃለን። ጥያቄው ለጊዛው ይስማማል፣ ለባቢቱ ግን ባዶ ነው፤ ለቺንጋውማ ጨርሶ አያስፈልግም፣ በአሮጌ ቺንጋ የሚኰራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚህ በኋላ የቀረው፣ ተተኪው ክፍል ተተኪነቱን ይናገር ወይስ ይሰውር የሚለው ነው። አብዛኞቹ አዳሾች አዲሱን ክፍል ከአሮጌው ጋር አንድ ቀለም ቀብተው ልዩነቱን ማጥፋት ይወዳሉ፣ ውበትን ስለሚሹ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሌላ ፈላጊ መጥቶ ያንኑ ክፍል የፋብሪካው ሥራ መስሎት ይለካዋል፣ ከልኩም ሌላ ይሠራል፤ የመጀመሪያው አዳሽ የሠራት ትንሽ ስሕተት የሠሪው ፈቃድ መስላ ትወረሳለች። ስለዚህ ዓመቱ በማይታየው ገጽ ላይ ቢታተም ይሻላል እላለሁ፤ ለሚሠራበት ሰው አይታይም፣ ለሚፈታው ሰው ግን ይነግረዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ክፍሉ ከፈሰሰ በኋላ የሚተርፈው የእንጨት አምሳል ነው የሚያሳስበኝ። አፍሳሾቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ እንጨቱን ለባለቤቱ ይመልሳሉ፤ ባለቤቱም ብረቱን እንጂ እንጨቱን ስላልፈለገው በመጋዘኑ ጥግ ይጥለዋል፣ ምስጥ ይበላዋል። በእርሱ ግን ሌላ አሸዋ ሊታተምበት፣ ለሌላ ሰባት ወይም ስምንት ሰው ሊፈስበት ይችል ነበር፤ እያንዳንዳቸውም አንድ መኪና ከመፈታት ያድኑ ነበር። አምሳሉ እንዲህ እንዲያገለግል ከተፈለገ ባዶውን መተው አይበቃም፤ የክፍሉ ቍጥር፣ የመኪናው ዓይነት፣ ለየትኛው ብረት እንደ ታሰበ፣ ለመኮማተር ምን ያህል እንደ ተጨመረበት፣ የትኛው ገጽ ኋላ በቶርኖ እንደሚላግ፣ ይህ ሁሉ በእንጨቱ ጀርባ ላይ በቀለም ሊጻፍ ይገባል። የመኮማተሪያው ልክ ሳይጻፍ ከቀረ፣ የሚቀጥለው ሰው ልኩ ተጨምሮበት ይሁን አይሁን ስለማያውቅ ሁለተኛ ይጨምርበታል፣ ወይም ጭራሹን ሳይጨምር ይቀራል፤ በሁለቱም መንገድ የፈሰሰው ክፍል አይገጥምም።